ነጅሙዲንና ሁለቱ ምስክሮች

ነጅሙዲን መቼ ነው የሚተኛው? ይህን ጥያቄ መመለስ አልችልም። እኔ ሌሊቱን በንባብ የምገፋ ሰው ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጽሐፌን አስቀምጬ ቴሌግራም ስከፍት ግን እሱ አለ። የማነበውን ሁሉ ስልኬ ላይ በነጻ የሚጭንልኝም እሱ ነው።

የተዘጋ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ቆቦም ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ ሱቅ የተቀመጡ ክቡር ኢንጂነር ነጅሙዲን አሏት፤ ሞባይል ሠሪ። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ ትምህርቱ እንደ እኔው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ክቡርነታቸው አዲስ ዘዴ ባገኙ ቁጥር ካርቶን ላይ ጽፈው በር ላይ ይሰቅላሉ። የጎብዬ ሞባይል ሠሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ፎቶ ያነሣሉ።

"ገበያህን እኮ በእጅህ እየሸኘኸው ነው" ስለው፣ "እኔንስ ማን አስከፍሎ አስተማረኝ?" አለኝ።

ሌላው አመሉ የባሰ ነው፤ የተቆለፈ ስልክ ለመክፈት እንደ ኒካህ ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ባለፈው ባጃጅ ነጂው ታሂር የሚስቱን ስልክ ይዞ መጣ።

"ክፈትልኝ፣ ወንድምዬ።"

"እሷው ትምጣና ትጠይቀኝ።"

"እሷ ከመጣችማ አንተ ምን ትሠራልኛለህ?"

"ምንም። ሂድ ምሳህን ብላ።"

ታሂር ወር ሙሉ አኮረፈው።

ከዚያ ጀዊሪያ የምትባል ሴት ከሮቢት መጣች። በቅርቡ የሞቱት አባቷ መንዙማቸውን ስልካቸው ላይ ቀድተው ነበር፤ ፓስወርዱን ግን ለማንም አልነገሩም። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም። ሦስት ሱቅ ዞራ "ውስጡ ያለው ሁሉ ካልጠፋ አይከፈትም" ተብላለች።

ነጅሙዲን አንገቱን ደፋ። "አላህ ይዘንላቸው፣ እህቴ። ምስክርሽስ?"

"አንተ ሰው ልብ የለህም?" አልኩት።

"የሌላ ሰው ቢሆንስ? መክፈት እችላለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ስልኩ አይነግረኝም።"

በነጋታው ጀዊሪያ ሁለት ጎረቤቶቿን፣ ጋሽ ሞላንና ሐጂ በድረዲንን ይዛ መጣች። "ስልኩ የአባቷ ነው" አሉ ጋሽ ሞላ፤ "እርሻ ላይ እንኳ ከኪሱ አይለየውም ነበር።"

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሱቁ አልተዘጋም። ክቡርነታቸው መልኩን አይተውት ከማያውቁት የባንግላዴሽ ሰው ጋር እየተጻጻፉ የስልኩን ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ከረሙ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተከፈተ። ነጅሙዲን ጀዊሪያን አስጠርቶ ስልኩን እጇ ላይ አኖረና ውጭ ወጥቶ ቆመ።

"አንዷን መንዙማ እንኳ አልሰማህም?" አልኩት።

"ክፈት ነው የተባልኩት።"

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። ጀዊሪያ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ምነው ውጭ ቆማችሁ? ግቡ እንጂ! አባቴ መንዙማ ያለ ተቀባይ ለብቻው ብሎ አያውቅም።"

ገባን። ታሂር ሳይቀር ባጃጁን አቁሞ ገባ። ኢንጂነሩ አዲሱን ካርቶን ሰጠኝና እኔው ሰቀልኩት። የመጀመሪያው መስመር "በቅድሚያ ሁለት ምስክር" ይላል። ስመለስ ጭንቅላቱን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ አፉን ከፍቶ ነበር። ደንበኛ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሜ "ዝም በሉ፣ ክቡርነታቸው ተኝተዋል" አልኩ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር።