የበላይነሽ የቁም ተዝካር

ሰው ሲታመም መካሪው ይበዛል፤ ሲሞት ሰጪው። ላስታ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ከዚህ የተለየ አላየሁም። እናንተ አገር ሌላ ከሆነ ንገሩኝና ጓዜን ጠቅልዬ ልምጣ።

ጎረቤቴ በላይነሽ የጡት ነቀርሳ ይዟት በተኛች ጊዜ የተመጠጠላት ከንፈር ቢጠራቀም የኩልመስክን ወፍጮ ሁሉ ያስነሳ ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው ከጡቷ ጀመረ ይላሉ። ይሁን፤ የተማሩ ናቸው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ከቀዩ በሬ ሲጀምር ነው። ቀዩን በሬ በላና ወደ ላሚቱ ተዛመተ፤ ከላሚቱ ወደ ባሕር ዛፉ። አዲስ አበባ ገንዘብ የሚፈጀው መድኃኒቱ ብቻ መሰላችሁ? ወረፋ እስኪደርስ የቤት ኪራይ አለ፣ ምሳ አለ፣ ራት አለ። ሕመምተኛዋ ባይበላላት እንኳ አስታማሚው ይበላል።

ለጨረር ተመለሺ ስትባል ቤቱ የቀረው ከጎረቤት በሬ ጋር እየተቀናጀ የሚያርስ አንድ ጥቁር በሬ ነበር። ባሏ ደሴ ገመድ ሲያነሣ አየችው።

«ወዴት ነው?»

«ገበያ።»

«እኔ ድኜ ስመለስ በምን ልታርስ ነው? በእኔ?»

ደሴ ገመዱን ሰቅሎ ብድር ፍለጋ ወጣ። ታላቅ ወንድሟ አያ ሞላ «ዘንድሮ እጄን ባየኸው!» አለው። አየው፤ እጅ ነው። የቀረውም ዘመድ እንዲሁ እጁን አሳየው።

ይሄኔ በላይነሽ የንስሐ አባቷን መምሬን አስጠርታ አንድ ነገር በጆሯቸው አንሾካሾከች። በሳምንቱ «በላይነሽ የቁም ተዝካሯን ልታወጣ ነው» ተባለ። ሳይሞቱ ለነፍስ መደገስ ወግ ነው፤ ዘመድም ያግዛል። እንዴት ያለ ማገዝ! ገብሱ፣ ጌሾው፣ ማሩ ጎረፈ። ለአውቶቡስ ሳንቲም ያጣው አያ ሞላ የነዳው በግ ላቱ ከመክበዱ የተነሣ፣ እየጎተተ ባለፈበት ዛሬ መኪና ይሄድበታል። ካላመናችሁ መንገዱን መጥታችሁ እዩት።

ቅዳሜ ሁሉም ላሊበላ ገበያ ወርዶ ተሸጠ። የተዝካሩ ዕለት እንግዳው ነጠላውን አጣፍቶ ቢመጣ፣ ደሴ ደጁ ላይ ብቻውን ቆሟል።

«ባለ ተዝካሯስ?» አለ አያ ሞላ።

«አዲስ አበባ ናት።»

«በጌስ?»

«አብሯት ሄዷል።»

ጩኸቱ አሸተን ማርያም ድረስ ተሰምቶ መነኮሳቱ ደወል መስሏቸው ተነሥተዋል። መምሬ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «የሰጣችሁት ለነፍሷ ነው። ነፍሷ ደግሞ ገና ሥጋዋ ውስጥ ናት። ታዲያ ምን አጠፋች?» አሉ።

በላይነሽ ፀጉሯ ረግፎ፣ ከስታ፣ ግን በእግሯ ተመለሰች። አበዳሪ ለተበዳሪው ዕድሜ ይለምናል ይባላል፤ ተዝካር ያበደሩ ሰዎች ምን እንደሚለምኑ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠጋ ብዬ ማዳመጥ ፈራሁ። ሐኪሙም ከአጨዳ በኋላ ተመለሺ ብሏታል። ሰው ስንት ጊዜ ተዝካር ያወጣል? ደሴ ገመዱን፣ በሬው ደሴን ማየት ጀመሩ።

ባለፈው ሐሙስ ደጇ ላይ ተቀምጠን ስናወጋ፣ ካኮረፈ ጀምሮ ወደዚያ ዝር ያላለው አያ ሞላ በግ እየጎተተ መጣ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው።

«ለተዝካርሽ።»

«አልሞትኩም እኮ፣ አያ ሞላ።»

«ማን ሙቺ አለሽ? ይልቅ የቅዳሜው ገበያ እንዳያልፍሽ።»