ሳይሰበር የሚከፍቱ ሰው

በየከተማው የሚሠራ ነገር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የተበላሸ ዕቃ አያስደነግጠውም፤ የተበላሸ ዕቃ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል። እንቅልፍ የሚነሳው ደህና የሚመስለው ነው። አርባ ምንጭ ይህን ሰው ያገኘችው በሲቀላ ሰፈሩ መካኒክ፣ በክቡር ጋሽ ኤርጫፎ ነው።

"ጋሼ፣ ሞተሯ ደህና ናት፤ በአንድ እርግጫ ትነሳለች" ትላቸዋለህ።

እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ፣ "ይከፈት" ይላሉ።

አንድ የግብርና ባለሙያ ጎማ ሊያስነፋ ብቻ ጎራ ብሎ በእግሩ ተመልሷል፤ ሞተር ሳይክሉ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ አርባ ቦታ ተበትኖ ቀረ። የቤተ ክርስቲያናቸውን ጄኔሬተር ቅዳሜ ከፍተውት እሑድ መዘምራኑ ያለ ማይክሮፎን ዘመሩ፤ መጋቢው ከዜማ የሚወጣው ማን እንደሆነ ያን ቀን እንዳወቁ ይናገራሉ። ባለቤታቸው እትዬ አገኘሽ ደግሞ፣ "እዚህ ቤት ያልተከፈትኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔንም እያዳመጡኝ ነው" ይላሉ፣ ሳይስቁ።

እኔ ከጋራዡ አጠገብ ቤት ተከራይቼ ስገባ እንደ ሌላው ሰው እስቅባቸው ነበር። ሳቄን የቀነሰው የውድድር ሞተሮች ነገር ነው። ባለ ሁለት ምት የሚባሉት፣ ዘይትና ቤንዚን አንድ ላይ ቀላቅለው የሚጠጡት፣ እንደ ተቆጣ ንብ የሚጮኹት ሞተሮች ጋራዡ ሲገቡ የጋሽ ኤርጫፎ ድምፅ ዝቅ ይላል።

"የመንገድ ሞተር ዕድሜው በዓመት ይቆጠራል" አሉኝ አንድ ቀን። "የውድድር ሞተር በሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ከሮጠ የፒስተኑ ቀለበቶች ይለወጣሉ። ሃያ ሲሞላ ፒስተኑ ራሱ።"

"ድምፁ ካልተለወጠስ?"

"ድምፁማ የሚለወጠው ሲሞት ነው። ሜዳ ላይ ፒስተን ከተሰበረ ሞተሩ ይነክሳል፣ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ሞተሩ ሲቆም የኋላ ጎማው ይቆማል። ላዩ ላይ ያለው ልጅ ግን አይቆምም።"

ሰዓቱን የሚቆጥሩት በክር ነው። አባታቸው የጨንቻ ሸማኔ ነበሩ። በየውድድር ሞተሩ መሪ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ያስራሉ፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ሮጠው በመጡ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይጨምራሉ። ጊዜ ሲቋጠር ያየሁት ያኔ ነው፤ እስካሁንም ይደንቀኛል።

የነህምያ ክር ሃያኛውን ቋጠሮ የያዘው ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ነህምያ የላንቴ ሙዝ አምራች ልጅ ነው፤ በዞኑ ውስጥ ከእሱ የፈጠነ የለም ይባላል። የቅዳሜው አሸናፊ ሐዋሳ ላይ ለሚካሄደው ትልቁ ውድድር ይሄዳል። ሁለት ዓመት የጠበቀው ይህን ነው።

"ይከፈት" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

"ከውድድሩ በኋላ ጋሼ። አዲስ ፒስተን ቀስ እያሉ ማለማመድ አለ። እሱ እስኪለማመድ ቅዳሜ ያልፋል።"

"ይለፍ።"

"ለእርስዎ ቀላል ነው። እርስዎ አይሮጡም።"

"ስለማልሮጥ ነው የሚታየኝ።"

ነህምያ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። ቋጠሮው ላይ ዓይኑን አላሳረፈም።

ቅዳሜ ጫኖ መንገድ ላይ ባለው ሜዳ ሰው ከሙዙ እርሻ ጫፍ እስከ አስፋልቱ ሞልቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ተሰልፈው፣ ሰማያዊ ጭሱ ጉሮሮ እየቧጠጠ፣ ባንዲራው ሊወርድ ሲል ጋሽ ኤርጫፎ ከነሥራ ቱታቸው በገመዱ ሥር አጎንብሰው ገቡ። በሁለት እጃቸው ለምለም ሳር ይዘዋል። ነህምያ ፊት ሲደርሱ ተንበረከኩ፤ ሳሩን ከፊት ጎማው ሥር አኖሩት።

ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ለአገሩ እንግዳ ነኝና አጠገቤ የቆመችውን የጨንቻዋን ጓደኛዬን ሰሊሆምን፣ "በጎን በኩል ማለፍ አይችልም?" አልኳት።

"መንገዱ አይደለም የተዘጋው" አለችኝ። "ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጋሞ ጦሩን ይመልሳል። ሳር የሚረግጥ ሰው የለም።"

ከኋላችን አንድ አዛውንት አጉረመረሙ። "ሳር የደም ነገር ነው። ለፒስተን ደግሞ ሳር ይነጫል?"

ጋሽ ኤርጫፎ ዞር ሳይሉ መለሱ። "ደም ከፈሰሰ በኋላማ ማንም ይነጨዋል።"

ነህምያ የራስ ቁሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ሞተሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ከሰልፉ አወጣው። ባንዲራው ያለ እሱ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ተከፈተ። ሐዋሳ የሚሄደው ሌላ ልጅ መሆኑን በስልክ ሰምተናል። የመጣው ሰው ሁሉ ስንጥቁን ለማየት ነው የመጣው፤ እኔማ ስንጥቅ እንዲገኝ ጸለይኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ኤርጫፎ ፒስተኑን አወጡ፣ ጠረጉ፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ ዙሪያውን በጥፍራቸው ዳሰሱት። አንዲት ስንጥቅ አልነበረውም።

"ደህና ነበር" አለ ነህምያ።

"ደህና ነው።"

"ታዲያ ምን አገኙ?"

"ደህና ሆኖ ካገኘኸው በሰዓቱ ከፍተኸዋል ማለት ነው። ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ አሁን የምንፈልገው ወጌሻ ነበር።"

ነህምያ አዲሱ ፒስተን እስኪገባ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀ፣ ሞተሩን ይዞ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ በጋራዡ በር አላለፈም። ከተማው "ጋሽ ሳር" የሚል ስም አወጣላቸው። ደንበኛ ቀነሰ። እኔም ሰው ሲስቅ ምን ብዬ እንደምከራከር አጣሁ፤ ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ትክክል በሆኑ ቁጥር የተሳሳቱ ይመስላሉ።

በዘጠነኛው ቀን ቬንትሌተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። ጋሽ ኤርጫፎ ባዶ ጆንያቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም ጋሼ። በደንብ ይሠራል።"

ረዘም አድርገው አዩኝ። "እንግዲያው በሰዓቱ መጥተሻል" አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈቱ ከአስፋልቱ በኩል የባለ ሁለት ምት ሞተር ድምፅ መጣ። አይጮኽም፤ ዝቅ ብሎ፣ ልክ እንደሚያስታምም ሰው እየተጠነቀቀ በበሩ ፊት አለፈ። ጋሽ ኤርጫፎ ድምፁ እስኪርቅ ካቻቢቴውን አየር ላይ ይዘው ቆዩ።

"አዲሱን ፒስተን እያለማመደው ነው" አሉ።

ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ምንም ያልሆነውን ቬንትሌተሬን መፍታት ቀጠሉ።