የግማሽ ቀኑ ሾፌር

አንባቢ ሆይ፣ «ቆርጫለሁ» የሚል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? አብዛኞቻችን ማታ ቆርጠን ጠዋት እንረሳዋለን። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሽ ሙሳ ግን አይረሱም።

ጡረታቸው ሲቃረብ ከአለቃችን ጋር ተስማምተው ሥራቸውን ግማሽ ቀን አደረጉት። «እስከ ስድስት ሰዓት የእናንተ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የራሴ። ቆርጫለሁ!» አሉ። ጨዋታ መስሎን ሳቅን።

በማግስቱ አለቃችንንና እኔን ይዘው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ተነሡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪናዋን አንድ ማንጎ ዛፍ ሥር አቆሙ። ለሶላት ነው ብለን ጠበቅን። ሰገዱ፣ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፣ ከዚያ መጥተው ከኋላ ወንበር አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጋሽ ሙሳ፣ መሪው እኮ እዚህ ነው!» አለ አለቃችን ከጋቢና ዞሮ።

«ወላሂ፣ ሰዓቴ ሞላ። አሁን ተሳፋሪ ነኝ።»

ምን ይደረግ? እኔ መንዳት አልችልም፤ አለቃችን መሪውን ጨበጠ። የዚያን መንገድ ጉድጓድ ያየ ያውቀዋል! «ቀኝህን ያዝ! ማርሽ ቀንስ! ኧረ ድንጋዩን!» ይላሉ ተሳፋሪያችን። እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ እጃቸው ጉልበቴን ጨብጦ ማርሽ ይቀይራል። አራተኛ ማርሽ ሲያስገቡኝማ ጮኽኩ።

ኩርሙክ ስንደርስ አለቃችን እያፏጨ ወረደ። ጋሽ ሙሳ ግን በላብ ተነክረው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ስማኝ አለቃ» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ሙሉ ቀን እነዳለሁ። ማረፍ አለብኝ። ቆርጫለሁ!»