ባቡር የሌለው የባቡር ሹም

ማንም ያልጠየቀውን ሥራ የሚያስተባብር አንድ ሰው የሌለበት ከተማ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ካለም ገና ከተማ አልሆነም ማለት ነው። ይህ ሰው ምንጭ ያስጠርጋል፤ የመቃብር አጥር ያሳጥራል፤ ወንዝ ከሌለ ድልድዩን ቀድሞ ያሠራል። ከሩቅ ስታዩት በሌላ መንገድ ትታጠፋላችሁ፤ እዚያም ቆሞ ይጠብቃችኋል። ክንዳችሁን ይዞ «አንተን ነበር የምፈልገው» ይላችኋል። ሁሉንም ሰው ነው የሚፈልገው።

የመካነ ሰላሙ፣ ክቡር አቶ ውበቱ ይባሉ ነበር። ድሬዳዋ ላይ በምድር ባቡር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው፣ ሁለት ጣታቸውን እዚያው ትተው፣ ሚስትም ልጅም ሳይዙ የትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። መካነ ሰላም ባቡር የለም። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ የሚመጣው መንገድ ራሱ መንገድ የሚሆነው በጋ በጋውን ብቻ ነው። ይህ እሳቸውን አላሳሰባቸውም። «ባቡር ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚመጣ፤ ጣቢያ ነው ፊት» ይሉ ነበር። አገሩ በሙሉ «ኢትዮጵያ ትቅደም» እያለ በሚሰለፍበት በ1967 ዓ.ም. እሳቸው ከሰልፉ ጅራት ሆነው «ጣቢያ ይቅደም» ይሉ ነበር። ያልታሰሩት በደንብ የሰማቸው ስላልነበረ ይመስለኛል።

እኔ ያን ጊዜ የአውራጃው መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። በታሪክ ትምህርት ተመርቄ የተመደብኩት እዚያ ነው። ስሜ መለሰ ነው፤ የከተማው ሰው ግን «መዝገብ ቤት» ነበር የሚለኝ። «መዝገብ ቤት ዛሬ ሽንኩርት ገዛ» ይባላል፤ «መዝገብ ቤት አመመው መሰለኝ» ይባላል። ባለቤቴ አስቻለች ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳት ነበረች። ደሴ አጠገብ ለተራቡ ሰዎች በተከፈተ መጠለያ ስትሠራ በ1966 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ተስቦ ይዟት ሞተች። ደብዳቤው የደረሰኝ ከተቀበረች በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። የገባበትን ቀን ጻፍኩበት፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ፋይል ውስጥ አኖርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ መካነ ሰላም የሚያውቀው ማኅተሜን ነበር። ቤቴ ሁለት ኩባያ ነበረ። የማጥበው አንዱን ነው።

አቶ ውበቱ መጀመሪያ ቢሮዬ የገቡት በጥቅምት ነው። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ከብብታቸው አንድ ዘንግ መዘዙና ጠረጴዛዬን ለኩት።

«አንድ ሜትር ከአራት ጣት» አሉ፣ የታማሚ ሰው ዘመድ በሚናገርበት ድምፅ።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ሐዲድ ከዚህ ብረት እዚያ ብረት አንድ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ያልሆነ ነገር አንድ ቀን ይገለበጣል። አንቱ እዚህ ላይ ስትጽፉ ጠንቀቅ በሉ።»

የፈለጉት ከከተማው ዳር ያለውን፣ ጣሪያው የወደቀ የጣሊያን ጊዜ የድንጋይ ቤት ፋይል ነበር። የባቡር ጣቢያ ነው አሉኝ። ፋይሉን አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ «የጭነት መኪና ማሳደሪያ» ይላል።

«እሱ ለሰው የተጻፈ ነው» አሉ። «በሩን ለክቼዋለሁ።»

«ስንት ሆነ?»

«ሁለት ሜትር። ሁለት ሐዲድ ነበር ያሰቡት፤ መሄጃና መመለሻ።»

እኔ በሰነድ እንጂ በበር ስፋት እንደማላምን ነገርኳቸው። በአዘኔታ አዩኝ።

ስለዚያ ግድግዳ ግን ፋይሉ ያልያዘው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ከምሥራቅ በኩል በረሃብ ተሰደው የመጡ ሦስት ሰዎች ከሥሩ ተጠግተው፣ ዝናብ ሲወርድባቸው አድረው ሞተዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ስላልተገኘ በእኔ መዝገብ የገቡት «ሦስት ሰዎች» ተብለው ነው። የቀበሯቸው አቶ ውበቱ ናቸው። ይህን አያወሩም። ሰው ሲያነሳባቸው «መንገደኛ ጣሪያ ይፈልጋል» ይሉና ወሬውን ወደ ሐዲድ ይመልሱታል።

ጣሪያ ለማልበስ ደቦ ያስፈልግ ነበር። ደቦ ደግሞ ባለቤት አለው፤ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል። ጣቢያው ባለቤት የለውም፤ ዓመቱም የእህል ዓመት አልነበረም። ክቡርነታቸው ከተማውን ቤት ለቤት ዞሩና ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው «ደቦው ያንተ ነው፤ የእኔ ሥራ ሰው መጥራት ብቻ ነው» አሉት። በቀጠሮው ማለዳ ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ሠላሳ አንዱም ባለቤት ነኝ ብሎ የአቅሙን ይዞ መጣ። ጠላ ሻጭዋ እትዬ አልታየች ማሰሮዋን አስቀምጣ የሌላውን ሰው ማሰሮ ስታይ ነገሩ ገባት።

«አያ ውበቱ፣ ደቦው የእኔ ነው አላሉኝም?»

«ያንቺ ነው።»

«የሐጂ ይመርስ?»

«የሐጂም ነው።»

ቆርቆሮውን የሰጡት ነጋዴ ሐጂ ይመር ከኋላ ሳል አሉ። «እኔንማ ዱዓ አስደርገው ነው ባለቤት ያደረጉኝ። እንግዲያ ማን ነው የሚያበላን?»

«ባለቤት ይበላል እንዴ? ባለቤት ያበላል» አሉ አቶ ውበቱ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው እየሄዱ።

እንዲህ ተሠራ። ድንጋዩ ተቀመጠ፤ ጭቃው ተመረገ፤ ቆርቆሮው ተመታ። አቶ ውበቱ ድንጋይ የሚያነሳውን ሰው ሁሉ እየተከተሉ ይለካሉ። አንድ ጥግ ሦስት ጊዜ አስፈርሰዋል። እትዬ አልታየች «እኝህ ሰውዬ ሲሞቱ ጉድጓዳቸው አንድ ሜትር ካልሆነ አይገቡም» ትል ነበር፤ እሳቸውም ሰምተው «ሁለት ሜትር ነው የሚሆነው» ይላሉ። አግዳሚ ወንበሮቹን በሙሉ ዙሪያውን ግድግዳ አስጠጉት። ጣቢያ መሐሉ ለጓዝ ነው፤ ሰው ግድግዳ ይዞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጣል አሉ። ይህ ወንበር ኋላ ያደረገውን ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም።

መጋቢት ሲገባ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የድንጋዩ ቤት እስከ መጋቢት 29 ቀን ድረስ መንገደኛ የማይገለገልበት ከሆነ ለሲሚንቶ መጋዘን ይወሰዳል፤ በዚያው ዕለት ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል ይላል። አቶ ውበቱን ጠርቼ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ በተዋወቅን በስድስት ወራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይለኩ ወጡ። ደሴ ወርደው አንድ የአውቶቡስ ባለቤት አሳምነው ተመለሱ፤ በ29 ማለዳ አንድ አውቶቡስ መካነ ሰላም ይገባል ተባለ።

በ29 ማለዳ አውቶቡስ አልገባም።

አቶ ውበቱ ግን ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው እንዲቀመጡ አዘው ነበር። ብርድ ስለነበረ ሁሉም ጋቢና ነጠላ ተከናንበዋል። «ተሳፋሪ አይጮህም፤ መንገዱን ያያል» ስለተባሉ አይነጋገሩም። እኔ ሰነዱን እንድይዝ ተጠርቼ በሩ አጠገብ መዝገቤን አቅፌ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ሆነን፣ ግድግዳ ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ የማይመጣ ነገር እንጠብቃለን።

በሦስት ሰዓት ግድም ከከላላ በበቅሎ የመጡ አንዲት ባልቴት በበሩ ሲያልፉ አዩን። ወረዱ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ገቡ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉና ተቀመጡ።

ለቅሶ ደርሶ የመጣን ሰው «ማንም አልሞተም፤ ይመለሱ» ማለት በዚያ አገር ሟርት ነው፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ዘጠኙም ተሳፋሪዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ያለፈው ሰው ዐሥራ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ ገባ። እሱን ያየችው ወደ ቤቷ ሮጣ ንፍሮ ቀቅላ መጣች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወንበር ጠፋ፤ ሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ይመር ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሉና አጠገቤ ተጨናንቀው ገቡ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ማን ነው የሞተው?» አሉኝ።

«እኔም አላወቅኩም።»

ወደ ሌላው ጎናቸው ዞረው ጠየቁ። እሱም «እኔ አሁን መምጣቴ ነው» አለ። ጥያቄው ግድግዳውን ይዞ ዙሪያውን ዞረና ወደ እኛው ተመለሰ። አቶ ውበቱ መሐሉ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። በሰው የተሞላ ጣቢያ ሲመኙ ኖረው፣ ሞላላቸው።

ተቆጣጣሪው የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ተረፈ የሚባል፣ የማይስቅ ወጣት ነበር። ቅጹን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ንፍሮ ተሰጠው፤ ተቀበለ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ውበቱን ጠራቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ማን አርፎባችሁ ነው፣ አባባ?»

ሁሉም ይህን መልስ ሲጠብቅ ነው የዋለው። አቶ ውበቱ «ማንም» ቢሉ በአገሩ ሁሉ ላይ ቀለዱ፤ ጣቢያውም ባዶ ቤት ነው፤ ነገ ሲሚንቶ ይገባበታል። የአንድ ሰው ስም ቢፈጥሩ ደግሞ ዋሹ። መዋሸት አይችሉም፤ ለባቡር እንኳ ያላቸው እምነት እውነተኛ እምነት ነው። እጃቸው ብብታቸው ሥር ዘንጉን ይፈልጋል።

እኔ በሥራዬ አንድም ያልሆነ ነገር ጽፌ አላውቅም።

«ባለቤቴ ናት» አልኩ።

ሐጂ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። ተረፈ «መቼ?» አለ።

«በነሐሴ።»

«ይሄው ስምንት ወር ሆነ እኮ።»

«አዎ።»

«እና አሁን ነው የምትቀመጡላት?»

እትዬ አልታየች ከማዶ ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ያለውን ሰው ገፍታ ተቀመጠች። «ከነሐሴ ጀምሮ?» አለችኝ። «ከነሐሴ ጀምሮ ብቻህን? አንተ መዝገብ ቤት፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ከዚያ እጄን ያዘች። «አብሽር። በል አብሽር።» ማልቀስ የጀመረችው እሷ ናት። ሰዉ ሁሉ የሚያለቅስለትን ሰው አሁን ስላገኘ ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ለቀቀው። አስቻለችን አንድም ቀን ያላየ ሕዝብ «ወይኔ እህቴ» ብሎ አለቀሰላት። አንዲት ሴት መልኳን ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ እሷም ያንኑ በዜማ አድርጋ ለሌላው ነገረች።

ተረፈ ቅጹን ተመለከተ። «የመንገደኛ ማረፊያ ነው ብላችሁ ነበር የጻፋችሁት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«እሱስ መንገደኛ አይደለም እንዴ?» አለች እትዬ አልታየች ዐይኗን እየጠረገች፣ እኔን በአገጯ እያሳየች። «ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አለ?»

ተረፈ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሐዘንተኛ የተቀመጠበትን ቤት ልረከብ የሚል ሰው አይደለም፤ እናት አለችው። ከክረምት በኋላ እመለሳለሁ አለ። አልተመለሰም፤ መጋዘኑም ሌላ ቦታ ተሠራ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። አቶ ውበቱ ሦስቱንም ቀን ከጎኔ ነበሩ። ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ለሰው ሥራ አላዘዙም፤ ስለ ሐዲድ አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ «ስሟ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 1፣ አውቶቡሱ መጣ። አቀስታ ላይ ተበላሽቶ ነው የቆየው። ተሳፋሪው ወረደ፤ ለቅሶ አየ፤ ጓዙን መሐሉ ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ይዞ ተቀመጠ። ሾፌሩም ገባ። ብዙ ከቆየ በኋላ አጎንብሶ አቶ ውበቱ ዘንድ መጣ።

«አባባ፣ የመመለሻ ሰዓቴ አለፈ። ልውጣ?»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰዓት የኖሩት ሰው ወደ እኔ አዩ። እኔ ገና እያለቀስኩ ነበር።

«ቆይ» አሉት።

አውቶቡሱ የወጣው አራት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ይህን የማውቀው አቶ ውበቱ ለጣቢያው ባሰመሩት መዝገብ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በእጃቸው ስለጻፉት ነው። የመጀመሪያው መነሻ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1967። መድረሻ ደሴ። «የዘገየበት ምክንያት» በሚለው ረድፍ «ወይዘሮ አስቻለች» ይላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከመዝገብ አንድ ገጽ ብቻ ቀድጄ ወስጃለሁ፤ ያ ገጽ እኔ ዘንድ ነው።