የፈቃደ ሴሎች ምሳ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወሬ ደረጃ አይወጣም፤ በልብስ ማስጫው ገመድ ነው ከፎቅ ፎቅ የሚሻገረው። በዚያ ሰሞን የተሻገረው «ፈቃደን ሚስቱ ምግብ ከለከለችው» የሚል ነበር። ሱቁ በር ሲደርስ «ማድ ቤቱን ቆልፋበታለች» ሆነ፤ ጥበቃዎቹ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሴት ተጨመረችበት።

ውሸት ነው። ሚስቱ ሰብለወንጌል ከልክላው አታውቅም፤ እንዲያውም ብላ እያለች ስትለምነው ነው የከረመችው። እምቢ ያለው ራሱ ፈቃደ ነው። ከመዝገብ ቤት ኃላፊነቱ ጡረታ በወጣ በወሩ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አየ። የሰውነት ሴል ምግብ ሲጠፋ ያረጀ ዕቃውን ራሱ እየበላ ይታደሳል ይላል፤ ስሙንም ኦቶፋጂ ይሉታል። ፈቃደ ሰው ፊት ሳይናገር የሚያደርገው ነገር ስለሌለ እድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ከእንግዲህ ጀንበር ሳትጠልቅ አልቀምስም» ብሎ አወጀ። ችግሩ የስኳር መድኃኒት ይውጣል፤ ሐኪሙም በባዶ ሆድህ እንዳትውጠው ብሎታል። ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዓይኑ ጨልሞበት ሰው ነው ደግፎ ያቆመው።

ዛሬ ሰብለወንጌል ምሳ ዕቃውን ለሞቱማ አስያዘችው። ሞቱማ እዚያው መሥሪያ ቤት ሹፌር የነበረ፣ ፊት ለፊታቸው የሚኖር ጓደኛ ነው። ሰኞ የተነገረው ቀልድ ሐሙስ ነው የሚያስቀው እየተባለ ይታማል። «መድኃኒቱን ጠዋት ውጧል፤ እንደምንም ብለህ አስቀምሰው» አለችው። ሞቱማ ምን እንደሚል ሳያውቅ፣ ራሱን እያከከ ወረደ።

[ከብሎኩ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር። ፈቃደ ከንፈሩ ደርቆ ተቀምጧል። ሞቱማ አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክዳኑን ከፍቷል።]

ፈቃደ፦ ዝጋው ብዬሃለሁ!

ሞቱማ፦ ምን አደረገህ? የራሴ ምሳ ነው።

ፈቃደ፦ ሽታው! ሴሎቼን ያዘናጋቸዋል።

ሞቱማ፦ አፍንጫ አላቸው እንዴ?

ፈቃደ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ላይ ናቸው እኮ! ይኸው አሁን እያንዳንዷ ሴል እጅጌዋን ሰብስባ ቤቷን እያጸዳች ነው።

ሞቱማ፦ የእግዜሩን ጾም እንኳ ጾመህ አታውቅም።

ፈቃደ፦ ያ ለነፍስ ነው። ይሄ ለሴል ነው።

ሞቱማ፦ እሺ፣ ቆሻሻውን የት ትደፋዋለች? የኛ ገንዳ እንደሆን ሞልቷል።

ፈቃደ፦ አትደፋውም! ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ያረጀውን፣ የተበላሸውን ጠቅልላ ትፈጨዋለች። ከተፈጨው ደግሞ አዲስ ትሠራበታለች።

ሞቱማ፦ ሰብለ አሮጌ ሹራብህን ተርትራ የልጅ ካልሲ እንደሠራችበት?

ፈቃደ፦ [ቅር እያለው] እ... እንደሱ በለው።

ሞቱማ፦ ሰብለ ሹራቡን ስትተረትር ግን ምሳዋን በልታ ነበር።

ፈቃደ፦ ምን አገናኘው! ሴል ስትጠግብ ትሰንፋለች። መሥሪያ ቤታችንን አታስታውስም? በጀት ሲኖር አዲስ ወንበር ይገዛል። በጀት ሲቆም ነው ምድር ቤት ወርደው የተሰበረውን የሚጠግኑት።

ሞቱማ፦ አንተን ግን በጀት እያለ ነው ያወጡህ።

[ሞቱማ ምላሱን ነከሰ።]

ፈቃደ፦ ሴል ጡረታ አታወጣም፣ ሞቲ። ያረጀውን ሁሉ መልሳ ሥራ ታስገባዋለች።

[ነገሩ የቪዲዮ ብቻ እንዳልሆነ ሞቱማ ያኔ ገባው። የሚያጽናናበት ቃል ሲፈልግ ዓይኑ የፈቃደ እጅ ላይ አረፈ።]

ሞቱማ፦ እጅህ ይንቀጠቀጣል።

ፈቃደ፦ እድሳት ነው።

ሞቱማ፦ ግንባርህም አልቦታል።

ፈቃደ፦ ከባድ እድሳት ነው!

ሞቱማ፦ [ወደ ፎቁ ቀና ብሎ፣ ተጨንቆ] እኔ እኮ አልገባኝም። ያ የምትጠቀልልበት ነገር ፌስታል ነው?

ፈቃደ፦ ፌስታል! ስስ ሽፋን ነው እንጂ። ድርብ ነው። ብቅ ይልና የተበላሸውን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ከዚያ ይገጥምና ከረጢት ይሆናል።

ሞቱማ፦ አልታየኝም።

ፈቃደ፦ እንዴት አይታይህም?

ሞቱማ፦ ሹፌር ነኝ። በዓይኔ ያላየሁትን መንገድ አልገባበትም።

ፈቃደ፦ [ማሳያ ፍለጋ ዙሪያውን ያያል። ምሳ ዕቃው ላይ ይቆማል።] በል አምጣው ወዲህ። ለትምህርት ነው!

ሞቱማ፦ ለትምህርት።

ፈቃደ፦ ይሄ ሽሮ የተበላሸው ዕቃ ነው እንበል።

ሞቱማ፦ ሰብለ እንዳትሰማህ።

ፈቃደ፦ ያንተን ሽሮ ብሰድብ ሰብለ ምን ቤት ናት?

ሞቱማ፦ [ላብ ላብ እያለው] እሷ... የማንም ሽሮ ሲሰደብ አትወድም።

ፈቃደ፦ [ትንሽ አየት አድርጎት] ይሁን። እንጀራው ደግሞ ሽፋኑ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል... ይከባል... ይጠቀልላል... አየህ? ከረጢት!

ሞቱማ፦ እኛ ጉርሻ ነው የምንለው።

ፈቃደ፦ ሳይንስ ከረጢት ይለዋል!

ሞቱማ፦ እሺ፣ ከረጢት። ከዚያስ የት ይሄዳል?

ፈቃደ፦ ወደ መፍጫው። ላይሶሶም ይባላል። ሴሏ ውስጥ ያለች ትንሽ ጨጓራ በላት።

ሞቱማ፦ እዚህ የታለች?

ፈቃደ፦ እዚህማ... እንግዲህ አፌ ነው በል። እንዲህ ትቀበልና... [አፉን ከፍቶ በሌላው እጁ ያሳያል]

[ሞቱማ አላሰበበትም። የተከፈተ አፍ ሲያይ እጁ ቀደመው። ከረጢቱን ነጥቆ አጎረሰ።]

ፈቃደ፦ ምም! ምምም!

ሞቱማ፦ ውይ፣ ልማድ ሆኖብኝ! ትተፋዋለህ?

[ሁለተኛ ፎቅ ላይ የብሎኩ ወሬ አቀባይ ወይንሀረግ ልብስ እያሰጣች ነው። የጎረሱትን መትፋት ያጎረሰውን ሰው ፊት ላይ ከመትፋት እኩል ነው፤ ያውም በወይንሀረግ ፊት! ፈቃደ ዋጠ።]

ሞቱማ፦ [ዘዴው አሁን በራለት] እና እዚያ ገብቶ ምን ሆነ?

ፈቃደ፦ ተፈጨ።

ሞቱማ፦ አየህ፣ ላጎርስህ ስጣደፍ አጠቃለሉ አመለጠኝ። ድርብ ነው አላልክም?

ፈቃደ፦ ድርብ ነው! ምን ዓይነት ራስ ነው ያለህ? [ከፊተኛው ተለቅ አድርጎ ይጠቀልላል] እንዲህ... አንዴ... ደግሞ በላዩ...

ሞቱማ፦ መፍጫውስ?

[ፈቃደ አፉን ከፈተ። በዚህኛው አላጉረመረመም።]

ሞቱማ፦ የተበላሸው ዕቃ ትልቅ ቢሆንስ?

ፈቃደ፦ [እያኘከ] በትልቅ ከረጢት።

ሞቱማ፦ አሳየኛ።

[አሳየው። የእንጀራው ጥቅል አንድ ጠርዝ ብቻ ቀረው።]

ሞቱማ፦ ሰው በልቶ ከዋለ ሴሏ ከነጭራሹ አትሠራም?

ፈቃደ፦ ማን ነገረህ? ቀስ እያለች ሁልጊዜም ትሠራለች። ሲርብህ ነው የምትበረታው እንጂ፣ ተኝተህም ትሠራለች፣ በልተህም ትሠራለች።

ሞቱማ፦ በልተህም?

ፈቃደ፦ በልተህም።

ሞቱማ፦ ታዲያ አንተን ምን አስራበህ?

[ፈቃደ ማኘኩን አቆመ። የቀረችውን ጠርዝ ምሳ ዕቃው ውስጥ አዙሮ፣ ወልውሎ ጎረሰ።]

ፈቃደ፦ ውኃ አቀብለኝ።

[ሞቱማ አቀበለው። የፈቃደ እጅ ብርጭቆውን ሳያፈስ ያዘ። ሞቱማ የተወለወለውን ምሳ ዕቃ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የሰብለ በረንዳ ዘንበል አድርጎ አሳየ፤ ከላይ አንዲት እጅ ብቅ ብላ ተመለሰች።]

ሞቱማ፦ አሁን ገባኝ።

ፈቃደ፦ ተመስገን። አንተን ማስተማር ድንጋይ ከመፍለጥ አይተናነስም።

[ሞቱማ ተነሣ። ያን ሁሉ የሚያውቀውን ሰው በሽሮ አታለልኩት ብሎ ደረቱ ተነፍቷል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ከኋላው ተጠራ።]

ፈቃደ፦ ሞቲ! ሰብለን ሽሮው ጨው አንሶታል በላት።

[ሞቱማ ባለበት ደረቀ። ዞር ለማለትም አልደፈረም።]

ፈቃደ፦ ነገስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የማይገባህ?