ጋላክሲው፣ ማሽኑና የአማቴ መስቀል

የተጨነቀ ሰው ፊት ዕውቀት ይዞ መቅረብ አደገኛ ነው። ሰውዬው ሊያምናችሁ ይችላል።

አማቴን ራሳቸውን ሲያማቸው ከርሞ፣ ሐኪሙ እጢ እንዳይሆን ሰጋና ኤምአርአይ የሚባል የጭንቅላት ምርመራ አዘዘ። ከቁስቋም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በታክሲ ስንወርድ፣ ምንድነው እሱ አሉኝ። ትልቅ ማግኔት ነው አልኩ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ላረጋጋቸው ብዬ ሰማይ ወጣሁ።

ጋላክሲያችንም ማግኔት አለው አልኳቸው። ከፍሪጅ በር ማግኔት እጅግ የደከመ፣ ግን በከዋክብት መሃል ባለው የጋዝ ደመና ሁሉ የተዘረጋ። ጋዙ ባንዴ ተደርምሶ ኮከብ ልሁን ሲል ይይዘዋል፣ ቀስ በል ይለዋል። እሱ ባይኖር ጋላክሲው ይሄ መልክ ባልኖረው። ታዲያ እስካሁን ማንን ጎዳ? ሹፌሩ እንኳ ሬዲዮውን ቀነሰ።

የምርመራው ክፍል በር ላይ ባለሙያዋ ብረት ነገር ሁሉ ይውለቅ አለች። የማተብዎ መስቀልስ? ቤት ትቼዋለሁ አሉ አማቴ፣ ባዶውን ክር እያሳዩ። ከአንገታቸው ወርዶ የማያውቅ መስቀል ቤት ቀረ? ጠረጠርኩ። ግን አማቱን በሰው ፊት ዋሹ የሚል አማች እስቲ አሳዩኝ።

ባለሙያዋ የእጅ መፈተሻዋን ይዛ ዞረቻቸው። ትከሻ። ወገብ። መፈተሻው ዝም። ሻሻቸው ጋ ሲደርስ ጮኸ። መስቀሉ ሹሩባቸው ሥር ተሸጉጧል።

ማሽኑ ብረት ይነጥቃል፣ እንዲህ ከሆነ ተራውን ለሌላ እሰጣለሁ አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። አማቴ ወደኔ ዞሩ። ኮከቡን ያልጎዳ እኔን ምን ያደርገኛል፣ አንተው አይደለህ ያልከው?

እንዲያ አላልኩም። ብያለሁም። ሌላ ቀጠሮ መቼ ይገኛል? እስከዚያ ያ ነገር እጢ ከሆነስ?

እማማ፣ ያኛው ሩቅ ነው፣ ይሄኛው ቅርብ ነው አልኩ። ከሳይንስ የተረፈኝ ይሄው ነበር።

ክሩ ይቆይልኝ አሉ። ክር ምን ቸገረኝ አለች ባለሙያዋ። መስቀሉን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉና፣ እንዳትለቅ ብለውኝ ገቡ።

ማሽኑ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው ጀመረ። ስለ ጋላክሲ አንድም ነገር ትዝ አላለኝም። መስቀሉን ግን አልለቀቅኩም።

ውጤቱ በደረሰ ቀን ሐኪሙ ምስሉን ደጋግሞ አየ። እጢ የለም፣ ጭንቅላትዎ ደህና ነው፣ ያስቸገረዎት የአንገት ጡንቻ ነው አለ። አማቴ አማተቡ። ከዚያም በታላቅ ትህትና፣ በመጣንበት የዚህን ልጅ ጭንቅላትም እንዲያይላቸው ለመኑት።

ማተብ የለውም፣ ማሽኑን አያስቸግርም አሉት።