ለሕያው የተወቀጠ ጌሾ

እትዬ ጥሩነሽ፣ የባሌ ታላቅ እኅት፣ በደሉኝ። ባሌ አልጋው ላይ ሆኖ ሾርባ እየጠጣ፣ እሳቸው የተዝካሩን ጠላ ጀመሩ።

ይህን ሰምታችሁ እሳቸውን ብቻ አትታዘቡ። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች የነገን ማውራት እንወዳለን። ከጎርጎራ የምትመጣው ጀልባ ዛሬ ትድረስ ነገ የማናውቅ ሰዎች፣ የጎረቤታችንን ልጅ ማን እንደሚያገባት፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር መቼ እንደሚወርድ (ይቺን በሹክሹክታ) እንተነብያለን። የታመመ ሰው ከተገኘማ ሁላችንም ሐኪም ነን። ጠይቀን ስንወጣ ገና ከበሩ ሳንርቅ፣ "ፊቱን አየሽው?" እንባባላለን። አየሁት። ፊት ነው።

ባሌ አያሌው የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ደንበኞቹ ሞተራቸው ሲነሣላቸው ምስጋናቸውን በአረቄ ይገልጻሉ፤ እሱም ሰው ማሳዘን አይወድም። ምስጋናው ለዓመታት ተጠራቅሞ ዓይኑን ቢጫ አደረገው፣ ሆዱን ነፋው፣ እግሩን አሳበጠው። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ውኃውን ከሆዱ በመርፌ ቀዱለት፤ ጉበቱ ጠጥሯል አሉ። ከዚያ ሐኪሙ እንደ አገሩ ወግ፣ ሚስት እንዳትደነግጥ ብሎ እኔን ትቶ እትዬ ጥሩነሽን ወደ ኮሪደሩ ጠራቸው። ሲመለሱ ዓይናቸውን አበሱና "ደኅና ነው ብሏል" አሉኝ። ወዲያው ከመራዊ ጌሾ አስመጡ።

ቀበሌው በየስብሰባው ተዝካርን "አባካኝ ልማድ" እያለ ያወግዝ ነበርና፣ ጌሾው የተወቀጠው ሰው በማያይበት በጓሮዬ፣ ከአያሌው መስኮት ሥር ነው። "ለማኅበር ነው" አሉኝ። የማኅበሩ ተረኛ እኔ እንዳልሆንሁ አውቃለሁ፤ ግን ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ምላሴ ተሳሰረ።

አያሌው ውቀጣውን ሲያዳምጥ ቆየና፣ "የውብዳር፣ ማን ሊያገባ ነው?" አለኝ።

ዝም አልሁ። እኔ ዝም ስል ክፉ ነገር እንዳለ ከባሌ በላይ የሚያውቅ የለም።

"በዚህ ከተማ ያመለጠኝ ድግስ አልነበረም" አለ ጣራውን እያየ። "ይሄኛው ሊያመልጠኝ ነው።"

ልስቅ ስል አለቀስሁ። ከዚያ ነጠላዬን አንሥቼ ሐኪም ቤት ሄድሁ።

"ዶክተር፣ ባሌ ይሞታል ብለዋል?"

"መጠጡን ካልተወ ዓመት መድረሱን እጠራጠራለሁ ነው ያልኩት። ከተወ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግርዎትም። ጉበቱ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ሰውየው ግን ሊነሣ ይችላል።"

"ታዲያ ጠርሙሱን የምደብቀው እኔ ሆኜ፣ ለምን ለእሳቸው ነገሯቸው?"

መነጽሩን አወለቀ። "ልማድ ሆኖብኝ" አለኝ። ወጣት ነው፤ አልተቀየምሁትም። እትዬ ጥሩነሽ ግን "ካልተወ" የምትለዋን ነገር ኮሪደሩ ላይ ጥለዋት መጥተዋል።

ያለ አስተማሪ ማንበብ የጀመርሁት በትንቢተ ዮናስ ነው። ዮናስ ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ዞረ፤ ሰዉ ተጸጸተ፤ ከተማዋ ተረፈች፤ ነቢዩ አኮረፈ። ምን ያስኮርፈዋል እያልሁ ስገረም ኖሬ ነበር።

አያሌው ተወ። "ተወ" ተብሎ ሲጻፍ እንዴት ይቀላል! እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው ይዤው ሐኪም ቤት የተመላለስሁት እኔ አውቀዋለሁ። ጨው የሌለው ሽሮ እያማረረ በላ። ጠርሙስ ይዞ የሚመጣውን ደንበኛ በር ላይ እየጠበቅሁ "ዓሣ አምጣ!" እያልሁ መለስሁ። ጠላውም ወደ እትዬ ቤት ተጭኖ ሄደ፤ ሰፈሩ ጠጣው፤ የማን ነው ያለ የለም። ቀስ በቀስ ሆዱ ጎደለ፣ ዓይኑ ነጣ። ፈጽሞ ድኗል ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። ሐኪሙም ሲጠየቅ "እናያለን" ነው የሚለው። እኔ እንደ "እናያለን" ያለ ደግ ትንቢት ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩነሽ መጡ። አያሌው ሐይቁ ዳር ሞተር ፈትቶ፣ እጁ ግራሶ ሆኖ ያንጎራጉራል። ስንት ስድብ አሰናድቼ የጠበቅሁት ቀን ነው።

"ሐኪሙ ዋሸኝ" አሉ ኩርፍ ብለው። ቀና ብለው ወንድማቸውን ሲያዩ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ስድቡ ከምላሴ ላይ የት እንደገባ እንጃ። ጉልበታቸውን ስሜ እንዲህ አልኋቸው፦

"እትዬ፣ እርስዎ ቀድመው ባይቀብሩት ኖሮ፣ እኔ ይኼኔ ቀብሬው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።"